ያላራገፈች አላሸነፈችም

ግራ ጆሮዬ የተጨማደደ ነው። የልጅ ልጄ ጓደኞች ቤት ሲመጡ ዓይናቸው እሱ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን በይሉኝታ አይጠይቁም። አንዲት ደፋር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ እሳት ነው?»

«የሰው ትከሻ ነው» አልኳት።

ታጋይ ነበርኩ። ይህን ስል ሰው ሁሉ «የትኛው ጫካ ነበሩ?» ይለኛል። ጫካ አላውቅም። የእኔ ትግል ሁለት ሰው አሸዋ ላይ መቀነት ለመቀነት ተያይዞ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ መሬት ለማስነካት የሚታገልበት ነው። መጀመሪያ ራሴ ታገልኩ፣ ከዚያ አሰለጠንኩ፣ በመጨረሻ ግጥሚያ አዘጋጅ ሆንኩ። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያልወደቅሁበት የገበያ ሜዳ የለም።

አምና ተውኩት። ጉልበቴ ሲያጥፉት አይዘረጋም፣ ሲዘረጉት አይታጠፍም። ልጆቹን የማሰለጥንበት ግቢ ባለቤትም ፎቅ ሊያቆምበት ነበር። ዕቃዬ ብዙ አይደለም፤ የምንታገልበት ሸራ ነው ዋናው። ሸራውን የያዘ ሰው ግን ሥራውን ይዟል ማለት ነው፤ ካልተያዘ ይቀራል። ለማን እንደምሰጠው ሳስብ በልቤ የነበረው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ ሌሊሴ። ካሰለጠንኳቸው ሁሉ እንደ እሷ ያለ አላየሁም። እሷ ደግሞ አታናግረኝም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

አባቴ ከመንዝ ወርዶ የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ የሆነ ሰው ነው። እኔን እስከ አራተኛ ክፍል አስተማረኝ፤ እሱ ሲታመም ትምህርቱን ትቼ አዳማ ገበያ ገባሁ። ሥራዬ ከመኪና ላይ ሽንኩርት ማውረድ ነበር። ከወንዶቹ እኩል እሸከም ነበርና እኩል ካልተከፈለኝ ጆንያውን መንገድ መሃል አስቀምጬ እቆማለሁ። መኪናው ማለፍ ስለማይችል ይከፍሉኛል። «ዘነበች ክርክሯን ከጆንያው ጋር ነው የምትሸከመው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ገበያው ዳር ሰው ክብ ሠርቶ አየሁ። መሃል ላይ አጭር፣ አንገቱ ከራሱ የሰፋ ሰውዬ ይጮሃል። ጋሽ ከድር የሚባል የደራ ሰው ነው። የጭነት መኪና ሸራ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በላዩ አሸዋ አልብሶ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰው ያታግላል። ወንዶቹ ከጨረሱ በኋላ አንዲት ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት አስነሳና «ይቺ ዘይነባ ናት፣ ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካ! ከእናንተ መሃል የምትጥላት ሴት አለች?» አለ።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ነጠላዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ገባሁ።

ጋሽ ከድር ከላይ እስከ ታች አየኝ። «በቀሚስ አይሆንም። ሱሪ አለሽ?»

«የወንድሜ አለ።»

«ሂጂ አምጪ። አትሽሺም?»

«እርስዎ ሸራዎትን ጠቅልለው ካልሸሹ።»

ሱሪውን ለብሼ መጣሁ። መቀነት አሰሩልኝ። ዘይነባ ያዘችኝ፤ እጇ ያልተለፋ ቆዳ ይሸት ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰማይ ብቻ ነው። እንዴት እንደወደቅሁ ዛሬም አላውቅም። ሰው ሁሉ እየጮኸ እኔ በጀርባዬ ተዘርግቼ እፍረት ሊገድለኝ ሲል፣ ያቺው የጣለችኝ ሴት ጎንበስ ብላ እጄን ይዛ አነሳችኝ። አዞረችኝና ጀርባዬን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች አሸዋውን አራገፈችልኝ። ትከሻዬን፣ ወገቤን፣ ፀጉሬን። እንደ እናት ሳይሆን እንደ ሥራ፤ ሳትቸኩል። ስትጨርስ «በርቺ» ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ ሽንኩርቱን ትቼ ጋሽ ከድርን ተከተልኩት።

ስለ ክፍያው የሚወራ ነገር የለም፤ በልተን አድረናል። ስለ ፈቃድ ወረቀትም እንደዚሁ፤ በየከተማው አንድ ማኅተም አድራጊ አለ፣ በየከተማውም ምሳ ላይ ነው። ማውራት የምፈልገው ስለ ጋሽ ከድር ነው። ሲቆጣ በኦሮምኛ፣ ሲያመሰግን በአማርኛ ነበር። በዚህ ምክንያት ኦሮምኛ ቶሎ ለመድኩ።

ግጥሚያ ከመጀመሩ በፊት አሸዋውን በወንፊት ያስነፋል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ይራመደዋል። እግሩ ስር ጠጠር ካገኘ ጎንበስ ብሎ ያነሳና ያንን ቦታ የነፋውን ሰው በኦሮምኛ ይጠራዋል። ቀጥሎ የታጋዮቹን ጥፍር ራሱ በምላጭ ይቆርጣል። መዳፋችንን ያሸታል፤ ቅባት የተቀባ ካለ በአመድ ታጥቦ እንዲመለስ ይልከዋል። አንዴ አንድ የመቂ ጎረምሳ «ጋሼ፣ የእናቴ ወጥ ነው እንጂ ቅባት አይደለም» ቢለው፣ «እናትህን እንኳን ደስ ያለዎት በላት፤ ቅቤዋ ክርንህ ድረስ ደርሷል» አለው።

መቀነት ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። መቀነቱ ጥጥ ብቻ መሆን አለበት፤ ናይለን የተቀላቀለበት ከጣት ያመልጣል። ውሃ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ይታሰራል። ደረቅ ቋጠሮ ይንሸራተታል፤ እርጥብ ቋጠሮ ይነክሳል። አያያዙ ግራ እጅ ከታች፣ ቀኝ እጅ ከላይ ነው። «ዓይኗን አትይ» ይለኛል። «ዓይን ይዋሻል። ወገቧን እይ። ወገብ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ መደበቅ አይችልም።» እግር ጠለፋ የተማርኩትም ከእሱ ነው። ሰው የሚጠለፈው እግሩ መሬት ሲረግጥ አይደለም፤ ሊረግጥ ሲል ነው። ያችን ቅጽበት ለማወቅ ስንት ጊዜ የእግሬ አገዳ እንዳበጠ እኔ ነኝ የማውቀው።

ግን መጣል ያስተማረን መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ያስለመደን መውደቅን ነበር። አገጭሽን ደረትሽ ላይ ለጥፊ፣ ትንፋሽሽን አውጪ፣ መሬቱ ሳይመታሽ በመዳፍሽ ምቺው። ክረምቱን ሙሉ ወደቅን። ቀጥሎ ማራገፍን። ሁለት ሁለት እየሆንን አንዷ ትተኛለች፣ ሌላዋ ታነሳትና ታራግፍላታለች፤ ከዚያ ይቀያየራል። እንደ ሞኝ ይህንኑ ስናደርግ እንውላለን። አንድ ቀን ሰለቸኝና «ጋሼ፣ ሳንጥል ምኑን ነው የምናራግፈው?» አልኩት።

ሸራው ዳር ቁጭ አድርጎ በአማርኛ መለሰልኝ፤ ስለዚህ ቁም ነገር መሆኑን አወቅሁ።

«ዛሬ ማን ማን ሊያይ መጣ?» አለኝ።

«የደራ ሰው፣ የሁሩታ ሰው፣ ከቆላ የመጡም አሉ።»

«በእጃቸው ምን ይዘዋል?»

«ዱላ።»

«የእነሱ ልጅ ጀርባው ላይ አሸዋ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ከሄደ፣ ዱላው መንገድ ላይ ሥራ ያገኛል። ጀርባው ተራግፎ ከሄደ ግን ዱላው ከብት ይነዳል። ትግልን ከጠብ የሚለየው ይቺ ብቻ ናት።»

ሕጉ እንዲህ ነበር። ጣይዋ የጣለቻትን አንስታ አራግፋ እስክትጨርስ ድረስ ግጥሚያው አልተዘጋም። ሳታራግፍ ጀርባዋን ሰጥታ ከሄደች፣ የወደቀችው ከተኛችበት ሳትነሳ «አላራገፈችልኝም» ማለት ትችላለች። እንዲህ ካለች ትግሉ እንደገና ይጀመራል። ያላራገፈች አላሸነፈችም።

ከጋሽ ከድር ጋር ሳለሁ «አላራገፈችልኝም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እጃችን ራሱ ለምዶ ነበር። ሰው ጥለን ገና ትንፋሻችን ሳይመለስ እጃችን ወደ ጀርባዋ ይሄዳል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ የሞጆ ሾፌር ነበር፤ ያየኝም መኪናው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ትግል ሲያይ ነው። በተጋባን ሰሞን ከአልጋ ወድቆ ሳነሳው በእንቅልፍ ልቤ ጀርባውን እንዳራገፍኩለት እስኪሞት ድረስ ለሰው ያወራብኝ ነበር።

ያን ዘመን እናፍቀዋለሁ። ዝናውን አይደለም፤ ዝና አልነበረንም። የሚናፍቀኝ ጠዋት አሸዋው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ እግር ስር የሚሰማው ነገር ነው። የእርጥብ መቀነት ሽታ ነው። ከዓለም ጤና ወደ መቂ በክፍት መኪና ስንሄድ፣ ዘይነባ እግሯን ጭኔ ላይ ጥላ ስትተኛ፣ ነፋሱ፣ ከመንገዱ ማዶ የሽንኩርቱ ማሳ። ሌላ ሰው ሙሉ ክብደቱን እላይህ ላይ ሲጥል የሚሰማህ ነገር አለ፤ ጠላትህ አይደለም፣ ወዳጅህም አይደለም፣ እውነቱን ግን እየነገረህ ነው። እርጅና ላይ ማንም ክብደቱን አይጥልብህም። ሁሉም ክንድህን ደግፎ ቀስ ብሎ ያሻግርሃል።

ጋሽ ከድር ሲደክም ሸራውን ለእኔ ሰጠኝ። ዘይነባ ትበልጠኝ ነበር፣ ግን አግብታ ወሎ ሄዳለች። እኔም ከዚያ ወዲህ የራሴን ሰልጣኞች ይዤ መዞር ጀመርኩ። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኜ «ነገ በዚህ ሜዳ!» እያልኩ ራሴ ስጮህ የሰሙኝ የአዳማ ልጆች ዛሬ የልጅ አባት ሆነዋል።

አዘጋጅ መሆን ከመታገል ይከብዳል። ታጋይ የሚጥላት አንድ ሰው ነው፤ አዘጋጅን ሁሉም ሊጥላት ይመጣል። አንድ የሞጆ ሆቴል ባለቤት ግቢውን ሰጥቶኝ ነበር፤ ግጥሚያው ሊደርስ ሲል ለብቻዬ ጠራኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ ሕዝቡ ደስ እንዲለው ትንሽ ብንስማማ።»

«በምን?»

«የሞጆዋ ልጅ ብታሸንፍ። ደንበኞቼ የሞጆ ሰዎች ናቸው።»

«ከጣለች ታሸንፋለች።»

«አይ፣ ማለቴ… ያንቺዋ ልጅ ትንሽ ትውደቅላት።»

«መውደቅ እንዲህ የሚቀል ከሆነ አንተ ሱሪህን አጥብቀህ ናና ውደቅላት።»

ይህን የተናገርኩት በረንዳው ላይ ስለነበር ቢራ የያዘው ሁሉ ሰማ። ግቢውን ከለከለን። ወደ ጭነት መኪኖቹ ማቆሚያ ሄድን፤ ሾፌሮቹ መኪኖቻቸውን ክብ አድርገው አቆሙልንና ጣሪያቸው ላይ ወጥተው አዩ። ከዚያ በኋላ ሞጆ ላይ ሆቴል ፈልጌ አላውቅም።

ሌሊሴን ያገኘኋት ዓለም ጤና ነው። ሽንኩርት የሚነቀልበት ሰሞን ነበር። ሴቶቹ ጆንያውን በትከሻቸው ለማንሳት ሲንገታገቱ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ወገቧን ከጆንያው ስር አስገብታ፣ በጭኗ ገፍታ፣ ያለ ጩኸት አነሳችው። ይህን ለማስተማር እኔ ዓመት ይፈጅብኛል። እሷ ከእናቷ ሆድ ይዛው ወጥታለች።

እናቷ ጫልቱ ጋ ሄድኩ። ጫልቱ ቡና ቤት ፊት ለፊት ቲማቲም ትሸጥ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ጫልቱ።»

«ደህና ነኝ። ምን ልመዝንልሽ?»

«ልጅሽን።»

ነገሩን ስነግራት ቲማቲሟን ወደ ራሷ ሰበሰበች፤ የምዘርፋት ይመስል። «ሴት ልጅ ልትታገል? ማን ያገባታል?»

«እኔ አግብቼ ወልጄ የለ እንዴ?»

«ባልሽ ምን አለሽ?»

«እሱማ ምን ይላል? ከአንድም ሁለት ጊዜ ሞክሮኝ ነው ያገባኝ።»

ጫልቱ ሳቀች። ሌሊሴ ከኋላዋ ቆማ ነበር፤ እሷም ሳቀች። እንዲያ ነው የተጀመረው።

ሌሊሴ «አዳዳ» ትለኝ ነበር፤ በእነሱ አክስቴ ማለት ነው። እኔ ቤት እየተኛች አደገች። ትግሉን እንደ ጥማድ በሬ አላረሰችውም፤ ጠጣችው። ያሳየኋትን ነገር በማግስቱ አሻሽላ ታሳየኛለች። እኔም ቸኮልኩ። መውደቁን በአጭሩ አለፍነው፤ አትወድቅማ! ማራገፉን ደግሞ አንድ ከሰዓት አሳይቻት ተውኩት። ጨዋ ልጅ ናት፣ ከጨዋነቷ ይመጣል ብዬ። ጋሽ ከድር ግን ከጨዋነት አልጠበቀውም ነበር። ከእጅ ነበር የጠበቀው። ልዩነቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የተለያየንበት ቀን እዚያው የሞጆ መኪና ማቆሚያ ላይ እንዲህ ሆነ። ከአዲስ አበባ ሁለት መራጮች መጡ። አንዲት ሴት ታጋይ መርጠው፣ ይዘው ሄደው፣ ምግብና መኝታ ሰጥተው በዘመናዊው መንገድ ሊያሰለጥኑ ነው። ውጭ አገር ትሄዳለችም ተባለ። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሌሊሴና የአሰላዋ ሰናይት። ሰናይት ከሌሊሴ ትከብዳለች፤ እንደ ሌሊሴ ግን ቶሎ አትዞርም። ዳኛዋ እኔ ነበርኩ። መራጮቹ «የራሳቸው ልጅ እያለች?» ብለው ሰናይትን ሲጠይቋት፣ «እሳቸው ይዳኙ» አለች።

ተያያዙ። ሰናይት ገፋች፣ ሌሊሴ ወደ ኋላ እያለች ቦታ ሰጠቻት፣ ሰጠቻት፣ የሰናይት ቀኝ እግር ሊያርፍ ሲል ጠለፈቻት። እንዲያ ያለ ጠለፋ በዕድሜዬ አላየሁም። ሰናይት በጀርባዋ አረፈች። ሾፌሮቹ ጥሩንባ ነፉ። ጫልቱ እጇን ዘርግታ እልል አለች። ሌሊሴም ዘላ፣ ከሸራው ወጥታ፣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ሰናይት አልተነሳችም። ተጎድታ መስሎኝ ደነገጥኩና ጎንበስ አልኩ። ዓይኗ ክፍት ነው። ሰማዩን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው።

«አላራገፈችልኝም» አለች።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። ያልሰማሁ መስዬ እጇን ይዤ ላነሳት እችል ነበር። እንዲህ ማድረግ ምን ያህል ቀላል እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ቀና ብዬ «ትግሉ አላለቀም!» አልኩ።

ሜዳው ተናወጠ። አንዱ መራጭ መጣ። «እትዬ፣ ወድቃለች እኮ! እኛም አይተናል።»

«ወድቃለች። አልተራገፈላትም።»

«ይሄ የትኛው ደንብ ላይ ነው ያለው?»

«የምትረግጠው ሸራ ላይ። ካልፈለግህ ውረድ።»

ጫልቱ ከዳር ሆና «አንቺ ጨካኝ! ልጄን ነው!» ትላለች። ሌሊሴ ወደ ሸራው ተመልሳ መጣች። ፊቷ ላይ ደስታው ገና አልወረደም ነበር። «አዳዳ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ብቻ ሰናይትን አየቻት፤ የራሷን እጅም አየች፤ ገባት። አልተከራከረችም። መቀነቷን አጠበቀች።

ሁለተኛው ግጥሚያ አልረዘመም። ሌሊሴ ትንፋሿ አልተመለሰም ነበር፣ ልቧም። ሰናይት በክብደቷ ጣለቻት። አነሳቻት። አራገፈችላት፤ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ፀጉሯን። መራጮቹ ሰናይትን ይዘው ሄዱ። ሌሊሴ ከእናቷ ጋር ዓለም ጤና ገባች፤ እኔ ቤት የቀረውን ልብሷን እንኳን ሰው ልካ ነው የወሰደችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ልጆች አሰለጠንኩ። ሁሉንም ሳይጥሉ በፊት ማራገፍ አስለመድኩ። ጥሩዎች ነበሩ። ሌሊሴ ግን አልነበሩም። ስልክ ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ሰው ላክሁ፣ «ደህና ነኝ በሏት» አለች። በዓለም ጤና ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት ማሳ ማሳውን አያለሁ፤ ዶማ የያዘች ቀጭን ሴት ሁሉ እሷ ትመስለኛለች።

እንግዲህ ግቢው ሊፈርስ ሲል፣ ጉልበቴን በጨርቅ አስሬ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ማሳው ውስጥ አገኘኋት። የውሃ መሳቢያው ሞተር ይጮሃል፣ እሷ ሽንኩርት ታጠጣለች። ወፍራለች። አምሮባታል።

«ደህና ዋልሽ፣ ሌሊሴ።»

«ደህና ዋሉ።» ውሃው ወደ ሌላው ቦይ እንዲያልፍ አፈሩን በዶማ ዘጋች። አልሳቀችም፣ አልተኮሳተረችም።

«ሸራውን ልሰጥሽ ነው የመጣሁት።»

«ለምን ለእኔ?»

«ከአንቺ የሚሻል ስለሌለ።»

«ያን ቀንስ የሚሻል ነበር?»

«ያን ቀንም አልነበረም። ግን አላራገፍሽም።»

ዶማውን መሬት ላይ ተከለችው። «አዳዳ፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነዎት?»

«እዚያው ነኝ። ነገ ቢመጣም እንደዚያው እፈርዳለሁ።»

«ፍርዱ መሰለዎት እንዴ የከፋኝ?» ድምጿ ከሞተሩ በላይ ወጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ደስታ አስረሳኝ። እሺ። ሁለተኛ ስወድቅስ? ሰናይት አራገፈችልኝ። እናቴ አለቀሰችልኝ። እርስዎ ሸራ ማጠፍ ጀመሩ! እኔ መኪናው ጥግ ቁጭ ብዬ እርስዎን እጠብቅ ነበር። አንድ ቃል። ቢቆጡኝ እንኳን።»

«ዳኛ ነበርኩ። ዳኛ ወገን የለውም።»

«ትግሉ ካለቀ በኋላም?»

ውሃው ጫማዬን አልፎ እግሬን አረጠበው፤ አልተነቃነቅሁም።

«ካለቀ በኋላ መምጣት ነበረብኝ» አልኳት። «ፊትሽን ካየሁ ፍርዱን የምለውጠው መስሎኝ ፈርቼ ነው።»

ከዚያ ሄዳ ሞተሩን አጠፋችው። ማሳው ሁሉ ጸጥ አለ።

«አዳማ አልመጣም» አለች። «የዚህ አገር ልጆች አዳማ ድረስ መሳፈሪያ የላቸውም። ሸራው እዚህ ይምጣ።»

«ይምጣ።»

«ዳኛዋ እኔ ነኝ። ሕጉንም የማወጣው እኔ ነኝ።»

«ሕጉ የጋሽ ከድር ነው!»

«እንግዲያው ለጋሽ ከድር ይስጡት።»

ሞቷል እኮ ልላት ነበር። ታውቃለች።

«እሺ» አልኩ።

«እርስዎ ከመጡ ከእናቶቹ ጋር ነው የሚቀመጡት። አፍዎን ይዘው።»

«አፌን?»

«አፍዎን።» ያን ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

ሸራውን በጭነት መኪና ላክሁት። ክረምቱን ሙሉ ጉልበቴ ከቤት አላወጣኝም። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ እሁድ የልጅ ልጄን አስከትዬ ዓለም ጤና ሄድኩ። ሜዳው ሞልቷል። ሌሊሴ በባዶ እግሯ ሸራው ላይ ቆማለች። ከሩቅ አይታኝ በአገጯ ወደ እናቶቹ ጠቆመችኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከጎኔ የነበረችው ወጣት እናት አታውቀኝም። ቦታ ለቀቀችልኝና «እማማ፣ የማን እናት ነዎት?» አለችኝ።

«የማንም። ልመለከት ነው የመጣሁት።»

«ያቺ መቀነቷ አረንጓዴ የሆነችው የእኔ ናት። ትግሉን ያውቁታል?»

«እስቲ አስረጂኝ» አልኳት።

ደስ ብሏት ጀመረች። «ጀርባዋ አሸዋውን የነካ ወደቀች ማለት ነው። የጣለቻት ታነሳታለች፣ ታራግፍላታለች።»

«ሳታራግፍ ከቀረችስ?»

«ማሸነፏን አትነጠቅም። ግን በሚቀጥለው እሁድ አትታገልም፤ ሸራው ዳር ቆማ የወደቁትን ሁሉ ስታራግፍ ትውላለች። የእኔዋ ባለፈው እሁድ እንዲያ ዋለች። እጇ አብጦ መጣ!» ሳቀች። «አሰልጣኟ ናት እንዲህ ያለችው። ያለቀ አይፈርስም፣ የጎደለ ይሞላል ትላለች።»

አልተዋጠልኝም። ዛሬ የወደቀች ዛሬውኑ ካልተራገፈላት፣ ለሚቀጥለው እሁድ ምን ያደርግላታል? ጀርባዋ ላይ አሸዋውን ይዛ ልትከርም ነው? ደግሞ ሌላው ነገር… ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከሸራው መሃል ሌሊሴ ቀና ብላ አየችኝ። ዘጋሁት።

ልጆቹ ገቡ። መቀነት ለመቀነት ተያያዙ። አረንጓዴዋ ትቸኩላለች፣ ዓይን ዓይን ታያለች፣ ወገቧ ከፍ ብሏል። እናቷ ሳታስበው እጄን ይዛ ጨመቀችው። እኔም ጨመቅሁላት። ልጅቷ አንድ ጊዜ ተንገዳገደች፣ ቆመች፣ ከዚያ ወገቧ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ።

ዝቅ በይ፣ አልኩ በልቤ። ገና ነሽ። ገና ዝቅ በይ።